የተኛው ሰው ዝም ይበል

የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሠራተኞች የእንቅልፍ ሐኪሙን ከጀርባው «አባ እሽሩሩ» ይሉታል። ፊት ለፊቱ «ዶክተር» ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት በእርግጥ አይታወቅም። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ናት የሚሉ አሉ፤ የለም፣ እሱ ራሱ ነው፣ ሰው እንዲወደው ብሎ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ሁለተኛው ሐሜት ነው። ሐሜት ደግሞ በዚያ ሆስፒታል ከውሃውም ከመብራቱም በተሻለ ሳይቋረጥ የሚደርስ ነገር ነው።

ክፍሉ ከነርቭ ሕክምና ክፍሉ ጀርባ፣ ኮሪደሩ ሊያልቅ ሲል ነው። በሩ ላይ «ጸጥታ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሰው ሁሉ እሱን የሚያነበው ጮክ ብሎ ነው። እዚያ የማይመጣ ዓይነት ሰው የለም። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆም፣ መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ፣ ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው፣ ሌሊት ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን ሽንት ቤት የሚያደርግ፣ እንቅልፍ ከዓይኑ ከጠፋ ዓመታት የሆነው፣ ሁሉም ተልኮ ይመጣል። ቴክኒሻኗ ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ በማጣበቂያ ትለጥፍባቸዋለች፣ ደረታቸውንና ሆዳቸውን በቀበቶ ታስራለች፣ ጣታቸው ላይ መቆንጠጫ ትሰካለች። ከዚያ በኋላ «በሉ እንግዲህ፣ ዘና ብለው ይተኙ» ትላቸዋለች። ሐኪሙ በማግስቱ ያደሩበትን ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ገጽ በገጽ ያነበዋል። የአንጎል መስመር፣ የዓይን መስመር፣ የአገጭ ጡንቻ መስመር፣ የትንፋሽ መስመር። የሰው ሌሊት ለእሱ እንደ ጋዜጣ ነው።

ከመስመሩ በፊት ግን አንድ ሕግ አለው። ብቻውን የመጣ ታካሚ አያይም። «ከጎንዎ የሚተኛው ማነው? እሱን ይዘው ይምጡ» ብሎ ይመልሳል። ሚስት የሌለው ወንድሙን፣ ወንድም የሌለው አብሮት የሚከራየውን ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ ከጠረጴዛው ፊት ሁለት ወንበሮች አሉ። አንዱ ጠንካራው የታካሚው ነው። ሌላው፣ ትራስ ያለበት፣ የምስክር ወንበር ይባላል። ምስክሩ መናገር ከጀመረ ታካሚው ቃል አይተነፍስም። «ኧረ እኔ እኮ አላንኮራፋም» ሊል አፉን የሚከፍት ባል ካለ፣ ሐኪሙ እስክሪብቶውን ወደ ላይ ያነሣና፣

«የተኛው ሰው ዝም ይበል። እርስዎ እዚያ አልነበሩም» ይለዋል።

ሚስቶች ይህን ሕግ ሲወዱት ለጉድ ነው። አንዳንዷ የሌሊቱን ትጨርስና አፏ ከተከፈተ አይቀር ብላ የቀኑንም ትቀጥላለች። የእናቱን ነገር፣ የእህቱን ነገር፣ ካልሲውን የትም ጥሎ መሄዱን ታወራለች። ሐኪሙ እሱንም ይሰማል። ዓይኑን ሳይነቅል፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ እንደሱ አድርጎ የሚሰማ ሰው አልተፈጠረም ይላሉ። ተማሪዎቹንም በዚሁ ነው የገራቸው። ዛሬ ረዳቱ የሆነው ጎበዝ ሐኪም በተማሪነቱ አንድ ቀን ምስክር ሳይጠራ ታካሚ ቢያይ፣ አባ እሽሩሩ ሰው ፊት ልክ ልኩን ነግሮታል። «ፊልሙን ተኝቶ ያሳለፈ ሰው ነው ታሪኩን የሚተርክልህ?» ነበር ያለው።

ቤቱ ሲገባ ግን ጆሮው ከሥራ ይወጣል።

ቤት ውስጥ የሚያውቃት ቃል አንዲት ናት፤ «አውቃለሁ»። ቧንቧው ያንጠባጥባል ሲባል አውቃለሁ፣ አክስትህ ታማለች ሲባል አውቃለሁ፣ ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል ሲባል አውቃለሁ። ሚስቱ የሂሳብ መምህርት ናት። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ይላታል፣ እሱም ቲቸር ይላታል። መጀመሪያ ትራሷን ይዛ ወደ ሌላኛው መኝታ ክፍል ገባች። ከትራሱ በኋላ ብርድ ልብሱ ሄደ። ከብርድ ልብሱ በኋላ እሷ ራሷ ጠቅልላ ታላቅ እህቷ ቤት ገባች። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። አኩርፎ ነበር። ቀዝቃዛ እራት የሚበላ ባል ሰለቻት፣ በቃ፣ ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ሲፋቱም አልተጨቃጨቁም። ወረቀቱ ላይ የሚፈረም ጊዜ እስክሪብቶ ያዋሳት እሱ ነው፣ «አመሰግናለሁ» ብላ የመለሰችለት እሷ ናት። ጉዳዩን የያዘው ጸሐፊ እንዲህ ያለ የታረመ ፍቺ አይቼ አላውቅም ብሎ ለሰው ሲያወራ ከረመ።

ታላቅ እህቲቱ ብቻ ናት ያልታረመችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መንገድ ላይ ስታገኘው «እንዴት ነህ ቦክሰኛው?» ትለዋለች። የእሷ ሰፈር ልጆችም፣ ባለሱቁም፣ በዚሁ ስም ይጠሩት ጀመር። ሐኪሙ ይህን አፍንጫው ላይ አላከከው። ልጅ ሆኖ ከብስክሌት ወድቆ አፍንጫው ትንሽ ተጨፍልቋል። በመስታወት ሲያየው ደግሞ እውነትም የቦክሰኛ ይመስላል። እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም።

አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ብቻውን ይተኛል፣ ብቻውን ይነሣል። የራስጌ መብራቱ ሲነጋ ወለል ላይ ወድቆ ይገኛል። ስልክ ስፈልግ ነክቼው ነው አለና የማይሰበር ፕላስቲክ ገዛ። የእጁ አንጓ አንዳንድ ጠዋት ተልጦ ይገኛል። ግድግዳው ሸካራ ነው አለ። እንዲህ ያለ ነገር የነገረው ታካሚ ቢኖር ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ይነሣ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በአዲስ አልጋ ምክንያት ነው። ክፍሉ ሰፊ አልጋ ከነአዲስ ካሜራው መጣለት። ታካሚው ቤቱ ያለ ይምሰለው ተብሎ የተሠራ የሁለት ሰው አልጋ ነው። ታካሚ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ተኝቶ መሞከር አለበት። ቴክኒሻኗ ጥበቃውን ለመነችው። ጥበቃው «ተኝቼ ስታዪኝ ያሳፍረኛል» ብሎ እምቢ አለ። ጥበቃ ሆኖ በተኛበት ስንቴ ታይቶ እንደሆነ አይወራም።

«እኔ እተኛለሁ» አለ ሐኪሙ። «ቤትም ብሄድ ያው ነው።»

ይህችን «ያው ነው» ሲላት ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያስተካክለው ሽቦ አገኘ።

ቴክኒሻኗ ለሆስፒታሉ ሰው «ካሜራ» ናት። ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሰው በስክሪን እያየች ታድራለች፣ ቀን ደግሞ ያልተኛውን። ማን ከማን ጋር ምሳ እንደበላ፣ ማን ማንን እንዳኮረፈ እሷ ጋ ይጠየቃል። በጠዋቱ ሐኪሙ ፀጉሩ ላይ የቀረውን ማጣበቂያ ታጥቦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሲገባ፣ ጥርሷ ይቀበለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልሳቀችም።

«ዶክተር፣ ሻይ ጠጥተው ነው የሚያዩት ሳይጠጡ?»

«ምነው፣ አንኮራፋሁ?»

«ማንኮራፋትዎንማ ይተዉት። እሱ የወግ ነው።»

«ታዲያ?»

«ይቀመጡ እስቲ።»

ከቪዲዮው በፊት መስመሩን አየ። እንግዲህ ሰው ሕልም በሚያይበት እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ፣ አንጎሉ ሰውነቱን ይቆልፈዋል። ሕልሙ ውስጥ ይሮጣል እንጂ እግሩ አይሮጥም። የአገጩ ጡንቻ መስመር ያን ጊዜ እንደ ክር ጭጭ ብሎ ይተኛል። ስክሪኑ ላይ ያለው የአገጭ መስመር ግን መጋዝ ይመስል ነበር። ሐኪሙ ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። ቪዲዮውን ሳያይ አውቆታል።

«ክፈችው» አለ።

ካሜራ ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ ጭንቅላቱን ሽቦ የወረረው አንድ ሽማግሌ፣ በዚያ ሰፊ አልጋ መሀል መተኛት ሲችል በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ተጠጋግቶ ተኝቷል። ለሌላ ሰው ቦታ የለቀቀ ይመስላል። ድንገት ተነሣና በግራ ቡጢው ባዶውን ጎን ይደበድበው ጀመር። ቡጢው የሚያርፈው ትራሱ ላይ ነው፤ ልክ የሰው ጭንቅላት የሚሆንበት ቦታ ላይ። በእግሩ ረገጠ። ተሳደበ። ሐኪሙ ስድቡን ሲሰማ ዞር ብሎ ካሜራን አያት፣ እሷ ያስገባችው ይመስል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለው ሽማግሌ እንደ ሕፃን ጥቅልል ብሎ ተኛ።

«ማንን ነው እንዲህ የሚወቅሩት፣ ዶክተር?»

«ውሻ» አለ። «ውሻ ነው። ሱሪዬን ነክሶ ይጎትተኛል። ሁልጊዜ እሱኑ ነው የማየው።»

«ውሻው ዛሬ እድሉ ነው። ሽቦው ባይዝዎት ኖሮ …» ብላ ጀመረችና ፊቱን አይታ አቆመች። «ሻዩን ላምጣ።»

ሐኪሙ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰና ደግሞ አየው። የሚያየው ግን ትራሱን አልነበረም። የሚያየው ገና ሳይፋቱ የነበረ አንድ ጠዋትን ነው፤ ሚስቱ ከዓይኗ ሥር ጠቁራ ወጥታለች። ምን ሆነሽ ነው አላት። የቁም ሣጥኑ በር መታኝ አለችው። ሐኪም ነው፣ የነርቭ ሐኪም፣ ስንት የተመታ ፊት ያየ። አመናት። በማመኑም አላበቃም፣ ከኩሽና መፍቻ አምጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ የቁም ሣጥኑን ማጠፊያ ብሎን በብሎን አጠበቀላት። «በቃ፣ ከእንግዲህ አይመታሽም» አላት። እሷ ከኋላው ቆማ መፍቻውን ሲያዞር ታየው ነበር። 

«ቦክሰኛው» አለ ሐኪሙ ለራሱ። አፍንጫውን ነካ አደረገው። አፍንጫው ምንም አላደረገም፤ ያደረገው ቡጢው ነው።

ረዳቱን አስጠራና ስም ያልተጻፈበትን መስመር ሰጠው። ረዳቱ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ በሽታውን አወቀው። ሰው ሕልሙን በእጅ በእግሩ የሚተውንበት በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዕድሜው የገፋ ወንድ ነው። ሕልሙን በመድኃኒት ማብረድ ይቻላል። የሚያሳስበው ጅራቱ ነው። ዓመታት ቆይቶ ብዙዎቹ ላይ እጅ ማንቀጥቀጥ፣ እግር መተሳሰር ይከተላል። ስለዚህ መቼ እንደ ጀመረ በደንብ መታወቅ አለበት።

«መቼ ነው የጀመረው?» አለ ረዳቱ።

«አይታወቅም።»

«ምስክሩ ምን አለ?»

«ምስክር የለም።»

«ዶክተር፣ ምስክር ሳይኖር ነው እንዴ ያስተኙት?» ረዳቱ ፈገግ አለ። ስንት ዓመት የቋጠራት ናት። «ፊልሙን ተኝቶ ያሳለፈ ሰው …» ሊል ሲል፣ የመምህሩ ፀጉር ውስጥ የቀረ ነጭ ማጣበቂያ አየ። አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ሐኪሙ እጁን ወደ ፀጉሩ ሰዶ ማጣበቂያውን ፈልፍሎ አወጣ።

«ይቅርታ» አለ ረዳቱ በመጨረሻ። «ግን ሕጉን ያውቁታል። ከጎንዎ ትተኛ የነበረችው ሰው መምጣት አለባት።»

ሐኪሙ ከሆስፒታሉ ወደ እህትየው ቤት በእግሩ ሄደ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲቀምም ነበር፤ «በሽታ ነበር እንጂ ጥላቻ አልነበረም።» ይህችን ብቻ ይነግራታል። ትሰማዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ትራሷን ይዛ ትመለሳለች። እዚህ ላይ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል። የኩሽናውን ቧንቧ ማሠራት አለብኝ ብሎም አሰበ፤ አሁንም ያንጠባጥባል።

በሩን የከፈተችው ታላቅ እህቲቱ ናት።

«ውይ፣ ቦክሰኛው። ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው ግጥሚያው?»

«እትዬ፣ ደህና ነዎት? ቲቸር አለች?»

«ለምንህ?»

«አንድ ነገር ልነግራት ነው። ለሕክምና ነው።»

«እሷ ደህና ናት፣ ዕድሜ ለዚህ ቤት።»

«የራሴ ሕክምና ነው። በእንቅልፍ ልቤ እንደምማታ አላውቅም ነበር፣ እትዬ። በሽታ ነው።»

እህትየው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ዛሬ በሽታ ሆነ? እኛ ሌላ ስም ነበር የምናውቀው» አለችና፣ መንገዱን ግን ለቀቀችለት።

ቲቸር ሳሎን ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የፈተና ወረቀት ታርማለች። ጡረታ ብትወጣም የጎረቤት ልጆች አይለቋትም። ሲገባ አየችው፣ መነጽሯን አወለቀች። እሱ ቆሞ ጀመረ። ስለ ሕልም እንቅልፍ፣ ስለ አንጎል ግንድ፣ ስለ ጡንቻ መቆለፍ። ያቺ የቀመማት ዓረፍተ ነገር የት እንደ ገባች እንጃ። ጉሮሮው ውስጥ ተቀርቅራ በምትኳ ሌክቸር ይወጣል።

«ሌክቸር ከሆነ ተቀመጥ» አለች።

ተቀመጠ። «ተኝቼ ሳለሁ ቪዲዮ አነሡኝ። ስማታ አየሁ» አላት።

ቀዩ እስክሪብቶ የአንድ ልጅ ወረቀት ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ነጥቡ ወረቀቱ ላይ እየሰፋ ሄደ። እሷ ግን አላየችውም።

«እና?»

«መቼ እንደ ጀመረኝ የሚያውቅ የለም፣ ካንቺ በቀር። ረዳቴ ምስክር አምጣ አለኝ።»

«እዚያ ወንበር ላይ? ትራስ ያለው?»

«አዎ።»

ስለዚያ ወንበር ስንት ቀልድ ይዞ ቤት ገብቶ ነበር። የባሎቹን መቁለጭለጭ፣ የሚስቶቹን መለፍለፍ እየተረከ ያስቃት ነበር።

«አንተ ጠንካራው ላይ ትቀመጣለህ?»

«እቀመጣለሁ።»

«እኔ ስናገር ዝም ትላለህ?»

«ሕጉ ነው።»

መነጽሯን መለሰችና ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። «እንግዲያው እመጣለሁ» አለች። «አሁን የምትነግረኝን እዚያ ተናግሬ ስጨርስ ትነግረኛለህ።»

ቀኑ ደረሰ። ረዳቱ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ሊጠፋ ደርሷል። ቲቸር ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ትራሱ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ጠንካራው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ወደ ግራ ዘመመበት። አንድ እግሩ አጭር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ታካሚ ሲያስቀምጥበት የነገረው የለም። ወይ ነግረውት «አውቃለሁ» ብሏል።

«እንግዲህ» አለ ረዳቱ፣ «መቼ እንደ ጀመረ ያስታውሳሉ?»

«ከመሄዴ ሁለት ዓመት በፊት። ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ነበር» አለች። «መጀመሪያ እግሩ ነው። እንደ ብስክሌት ነጂ። ቅዠት ነው አልኩና ሳቅኩኝ። መምህራን ክፍል ገብቼ አስቄበታለሁ። ከዚያ እጁ መጣ።»

«መታዎት?»

«እዚህ ጋ።» ጣቷን ከዓይኗ ሥር አደረገች። «ከዚያ ደግሞ ትከሻዬን። አንድ ጊዜ አንገቴን ይዞኛል፣ እጁን ፈልቅቄ ነው የወጣሁት።»

ሐኪሙ አንገቱን የያዙት ያህል ተንቀሳቀሰ። «እኔ እኮ …»

ረዳቱ እስክሪብቶውን አነሣ። የሚናገረውን ቃል ያስተማረው ራሱ ታካሚው ነው።

«የተኛው ሰው ዝም ይበል፣ ዶክተር» አለ በቀስታ።

ቲቸር ወደ ሐኪሙ አልዞረችም።

«ይናገር ነበር?» ሲል ቀጠለ ረዳቱ።

«ይሳደባል። ቀን አፉ የማያውቀውን ስድብ።»

«ማንን ነበር የሚሰድበው?»

«አልጋው ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ» አለች።

ረዳቱ የሚጽፍ መሰለ። ምንም አልጻፈም።

«በነጋታው አልነገሩትም?»

«ነገርኩት እንጂ። መጀመሪያ ቁም ሣጥን ነው ብዬ ዋሽቼው ነበር። የመታኝን የሚያውቅ መስሎኝ፣ ውሸቴን ሲሰማ እፍረት ይይዘዋል፣ ይቅርታ ይለኛል ብዬ ነው። መፍቻ አምጥቶ የቁም ሣጥኑን በር አጠበቀው። በዚያ ቀን ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲመታኝ ግን ጠዋት ኩሽና ውስጥ፣ ስልኩን ሲነካካ፣ ‹ትናንት ማታ ያደረግከውን …› ብዬ ስጀምር አላስጨረሰኝም። ‹አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ምን ይጠበስ ታዲያ?› አለኝ። ሻዩን ጨልጦ ሄደ።»

ሐኪሙ ያን ጠዋት አስታወሰው። የዋዜማው ምሽት የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ከነባለቤቱ ለእራት ተጠርተው መጥተው ነበር። እሱ አንድ የተወሳሰበ መስመር ሲያነብ አምሽቶ ቀርቷል። የምታወራው ስለ እራቱ መስሎት ነበር። ይህን ሊናገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። እስክሪብቶው ገና አልወረደም ነበር።

«እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ» አለች ቲቸር። «ጥያቄ አንድ መልስ እንዲኖረው ነው የምፈልገው። ይህ ሰው ቀን ቀን ዝንብ አይነካም። ሌሊት ይመታኛል። ጠዋት አውቃለሁ ይለኛል። ወይ እየጠላኝ ነው፣ ወይ እያላገጠብኝ ነው። ሁለት መልስ አገኘሁ፣ አንዱም ደስ አላለኝም። ትራሴን ያዝኩ።»

«ሐኪም ለምን አላማከሩም?»

«ሐኪሙ እሱ ነዋ» አለች።

ጎረምሳው ረዳት ይህን ሲሰማ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ነው፣ ራሱም አላወቀውም። ውሃ ቀዳላት። ከዚያ በደንብ አስረዳት። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ሕልሙ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ በኋላ ሊመጣ ስለሚችለው ማንቀጥቀጥ። የሚመታው ሰው የሚመታውን እንደማያውቅ፣ ሲነጋም ሕልሙን እንጂ መማታቱን ቅንጣት ታህል እንደማያስታውስ። መምህሩ ሳሎን ውስጥ የከሸፈበትን ተማሪው በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

«አያውቅም?» አለች።

«አያውቁም።»

«ያን ጊዜም?»

«ያን ጊዜም።»

ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ምን ነበር የምታየው?»

ሐኪሙ ረዳቱን በዓይኑ ጠየቀው። እስክሪብቶው ወረደ።

«ውሻ» አለ።

«ውሻ» አለች ቲቸር። ሳቅ አመለጣት። ያን የድሮውን፣ ስለ ባሎቹ ሲተርክላት የምትስቀውን ሳቅ ሳቀች። ሐኪሙም አብሮ ሊስቅ አፉን ሲያዘጋጅ ሳቋ መሀል ላይ ተበጠሰ። «ለውሻ ነው እኔ ቤቴን የለቀቅኩት?» አለች።

ረዳቱ ነገሩን ወደ መደበኛው ለመመለስ ጥድፍ ብሎ የመጨረሻ ጥያቄዎቹ ውስጥ ገባ። ልማድ ነው፣ አፉ ብቻውን ይጠይቃል።

«አሁን በአንድ ክፍል ነው የምትተኙት?» አለና ወዲያው ጆሮው ቀላ።

«አይደለም» አለች።

ሐኪሙ አያት። ያቺ ዓረፍተ ነገር እስካሁን ጉሮሮው ውስጥ ነበረች።

የምስክሩም እንቅልፍ ይጠየቃል። ይህም የሐኪሙ ሕግ ነው። ከበሽተኛ ጎን የተኛ ሰው ራሱ ሳይታመም አይቀርም ብሎ ያስተማረው እሱ ነው።

«እርስዎስ» አለ ረዳቱ፣ «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?»

ቲቸር ጥያቄውን አሰበችበት። እንደ መምህር አሰበችበት፣ መልሱ ትክክል እንዲሆን ብላ።

«እዚያ እያለሁ ሁለት ዓመት አልተኛሁም» አለች። «እህቴ ቤት ከገባሁ ወዲህ ራሴን ትራስ ላይ ካሳረፍኩ ነግቶ ነው የማገኘው። አልባንንም። የምፈራው ነገር የለም።»

ሐኪሙ ለመነሣት ሲቃጣ ወንበሩ እንደገና ወደ ግራ ዘመመበት። ሌላ ምክንያት ብትሰጠው፣ ኩርፊያ ቢሆን፣ እልህ ቢሆን፣ አንድ ነገር ይል ነበር። የደህና እንቅልፍን ዋጋ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ሰው ደህና እንቅልፍ ፍለጋ ሽቦ ተለጥፎበት ሲያድር እያየ ነው የኖረው።

ኮሪደሩ ላይ አብረው ወጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ ስለነበር በዳር በዳር ሄዱ።

«በሽታ ነበር እንጂ ጥላቻ አልነበረም» አላት በመጨረሻ።

«ሰማሁ። ጥሩ ነገር ነው የሰማሁት፣ ዛሬ አንድ ሸክም ወርዶልኛል» አለች። ትንሽ ሄደችና ቆመች። «ለሌሊቱ መድኃኒት አለው አለኝ ልጁ።»

«አለው። ዛሬ እጀምራለሁ።»

«ለጠዋቱስ?»

የትኛውን ጠዋት እንደሆነ ገብቶታል። አፉ በልማድ «አውቃ…» ሊል ሲል ያዘው። ዝም አለ። ማንም እስክሪብቶ አላነሣበትም።

«እጅ ማንቀጥቀጥ የተባለው ነገር ከመጣብህ ንገረኝ» አለች። «ደግሞ አልጋህን አውርደው። ወድቀህ ራስህን ትፈነክታለህ። መብራቱንም አርቀው።»

ይህን ምክር በሕይወቱ ለስንት ሰው ሰጥቷል፤ ፍራሽ መሬት፣ ስለት ያለው ዕቃ ራቅ። ለእሱ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ራሱን ነቀነቀላት። እሷ ደረጃውን ይዛ ወረደች። ከታች እህትየው ቆማ ትጠብቃለች። ምን አለ፣ ምን አለ ስትል ድምጿ እስከ ላይ ይሰማል። ቲቸር የነገረቻት ግን አልተሰማም። ብቻ እህትየው ቀና ብላ ሐኪሙን አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቦክሰኛው» ሳትል ዞራ ሄደች። እሱን ጉድ ያደረገው ይሄ ነው፤ ስሙን ብትጠራው ይሻለው ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋውን ፈታታው። ፍራሹን ወለሉ ላይ ጎትቶ አነጠፈ። የፕላስቲኩን መብራት ኮሪደር ላይ አወጣው። ከዚያ ለመሞከር ጋደም አለ። በልማዱ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ነው የተጋደመው።

ከወለል ላይ ሲያዩት ቁም ሣጥኑ በጣም ትልቅ ነው። የታችኛው ማጠፊያ ከዓይኑ ፊት ለፊት ሆነ። ያን ቀን ተንበርክኮ ያጠበቃቸው ብሎኖች፣ አንዱም ሳይላላ፣ ሰልፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እጁን ዘረጋና ገርበብ ያለውን በር ገፋ አደረገው። ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳይንገዳገድ፣ ቀጥ ብሎ ተዘጋ።